ስምና ሥራ

ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በፍልስጥኤም በናቡሎስ ከተማ ተወለደ። ከአንዱ ፈላስፋ ወደ ሌላው እየሄደ እውነትን ሲፈልግ ኖሮ በመጨረሻ በክርስቶስ አመነ፤ የፈላስፎችንም ልብስ ሳያወልቅ በሮም ያስተምር ነበር።

በዚያ ዘመን ክርስቲያን ነኝ ያለ ሰው ሌላ በደል ሳይፈለግበት ሞት ይፈረድበት ነበር። ስለዚህ ዮስጢኖስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ150 ዓ.ም. ገደማ ለንጉሠ ነገሥቱ ለአንጦኒኖስ ፒዮስ የመከራከሪያ መጽሐፍ ጻፈ። ሰው በሥራው ይፈረድበታል እንጂ በስሙ ብቻ ሊኰነን አይገባም ሲል ተሟገተ።

ነገር ግን ይህ ክርክር ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ ነው፤ ስም ብቻውን ካላስኰነነ ስም ብቻውን አያጸድቅምና። ዮስጢኖስም ይህን አልሸሸገም። በአፋቸው ክርስቲያን ነን እያሉ እንደ ጌታ ትምህርት የማይኖሩት ክርስቲያን አይደሉምና ይቀጡ ብሎ በዚያው መጽሐፍ ጻፈ። ለወገኑ የሚሟገት ሰው የወገኑን ጥፋት መሸፈን ይወዳል፤ እርሱ ግን ለዳኛው የሰጠውን ሚዛን ለወገኖቹም አቆመው።

በ165 ዓ.ም. ገደማ በሮም ከተማ ገዥ በሩስቲኩስ ፊት ቆሞ ለአማልክት አልሠዋም ስላለ ከባልንጀሮቹ ጋራ ተገደለ፤ የጻፈውንም በደሙ አተመው።

እንግዲህ በስሙ የሚከሰስ ክርስቲያን ብፁዕ ነው፤ በሥራው የሚከሰሰውን ግን ማዕተቡ አያድነውም።