«አላህ ይስጥህ»



ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ቦሌ አካባቢ አንድ በርገር ቤት ገባችሁ እንበል። ችፕሱ ገና ትኩስ ነው። አንድ እጅ ጠረጴዛችሁ አጠገብ ይዘረጋል። ቀና ሳትሉ «አላህ ይስጥህ» ትላላችሁ። ቃሉ ዱዓ ነበር፤ እኛ በር መዝጊያ አደረግነው። ወዲያ ደግሞ ሦስት ኮት የደራረበ ሰው ከገንዘብ ተቀባይዋ ጋር ስለ ዓለም ፖለቲካ ይከራከራል። እሱ ምንም አይለምንም። ወጣቶቹ ግን እየሳቁ በስልክ ይቀርጹታል።

ብሩን ለመከልከል ምክንያት ይኖራችሁ ይሆናል፤ «ለጫት ያውለዋል» ትሉ ይሆናል። እሺ። ፊትንስ ለመከልከል? በሱረቱ አድ-ዱሓ 10ኛ አንቀጽ የተከለከለው ጠያቂን ማመናጨቅ ነው፤ የብሩ መጠን እዚያ አልተጠቀሰም።

ሱረቱ ዐበሰንም አስታውሱ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የቁረይሽን ታላላቆች ወደ ኢስላም እየጠሩ ሳለ ዓይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብን ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) መጥቶ አቋረጣቸው። ፊታቸውን አጨፈገጉ። እሱ አላየም፤ ወሕዩ ግን ወረደ። የተቋረጠው ሥራ ደግሞ ዳዕዋ እንጂ እንደኛ ምሳ አልነበረም። እኛ ጋ የመጣው ሰው ግን ዓይን አለው፣ ፊታችንን አንድ በአንድ ያያል።

ባለ ሦስት ኮቱስ? አእምሮው የታወከ ሰው ብዕር ከተነሳላቸው ነው፤ የተናገረው አይጻፍበትም። በዚያ ቤት ውስጥ የሚጻፍባቸው የሚቀርጹት፣ የሚስቁትና ቪዲዮውን የሚያጋሩት ናቸው። እናንተም ጋ ደርሶ ከሆነ ዛሬ ከመግሪብ በፊት አጥፉት።