ስለ ከባድ ሥጋና ስለ ቀላል ፍርድ

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ተብሎ እንደሚጠራ ምእመናን ሁሉ ያውቃሉ። በዚያ ዕለት 38 ዓመት በአልጋው ላይ ተኝቶ የኖረው ድውይ ታሪክ ይነበባል፥ ይተረጐማል፤ ሰሚውም ሁሉ ያዝንለታል። ነገር ግን ያ ድውይ ዛሬ በጎረቤታችን ቢገኝ፥ ከአልጋው እንዳይነሣ ያደረገውም ሽባነት ሳይሆን ከመጠን ያለፈ የሰውነት ክብደት ቢሆን፥ ያው ሰሚ በዚያው ልብ ያዝንለታልን? ወይስ የገዛ ሆዱ ያመጣበት ነው ብሎ ያልፋል? ይህ ጥያቄ ቀላል መስሎ ቢታይም የፍርድና የምሕረት ጥያቄ ስለ ሆነ ካህናትም ሕዝባውያንም ሊመረምሩት ይገባል።

በአገራችን ልማድ ውፍረት ለረጅም ዘመን የድሎት ምልክት ሆኖ ኖሮአል። ከሕመም የተነሣውን ሰው ፊትህ ሞላ፥ ሥጋ ለበስህ ብለን እናመሰግነዋለን፤ ከሩቅ አገር የመጣውንም ተመችቶሃል እንለዋለን። ክብደቱ ከዚያ አልፎ ሲሄድ ግን ምስጋናው በድንገት ወደ ሣቅ ይለወጣል፤ ሆዳም የሚለው ስምም ይከተላል። በምስጋናውና በሣቁ መካከል ይህ ሰው ታሟል የሚል ቃል በአፋችን የለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች በዓለም ሁሉ ከአንድ ቢሊዮን በልጠው ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ይሠራሉ፥ ይራመዳሉ። ከአልጋ መነሣት እስኪሳናቸው የደረሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ነገራችንም ስለ እነዚህ ጥቂቶች ነው።

ከእነርሱ መካከል ታሪኩ በሰፊው የታወቀው ጆን ብራወር ሚኖክ የተባለው አሜሪካዊ ነው። ይህ ሰው በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በቤይንብሪጅ ደሴት ይኖር የነበረ፥ የታክሲ ሥራ ይሠራ የነበረ ባለ ትዳር ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 1978 ልቡና ሳንባው ሥራቸውን መሥራት አቅቶአቸው በሲያትል ከተማ ወደሚገኝ ሆስፒታል ተወሰደ። ተሸክመው ያወጡት 12 ያህል የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው፤ ቃሬዛውም ለእርሱ ተብሎ የተበጀ ነበር። በሆስፒታሉ ሁለት አልጋዎች ተያይዘው አስተኙት። ሊመዘንበት የሚችል ሚዛን ስላልተገኘ ሐኪሙ ክብደቱ 635 ኪሎ ያህል ይሆናል ብሎ ገመተ። ከዚህም ብዙው ስብ ሳይሆን በአካሉ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ እንደ ነበረ ሐኪሞቹ ተረዱ። ያየው ሰው ሁሉ የበላውን እንጀራ የሚያይ ሲመስለው፥ ያየው የደከመ ልብ ሊያስወጣው ያልቻለውን ውሃ ነበር።

አንሶላውን ለመለወጥ ይህን ሰው ከጎን ወደ ጎን የሚያገላብጡት 13 ሰዎች ነበሩ። ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እንለምናለን። በቅፍርናሆም ሽባውን ተሸክመው፥ ሕዝቡ በሩን ቢዘጋባቸው ጣራውን ነቅለው ያወረዱት አራት ነበሩ፤ እኛም ስለ እነርሱ እምነት ስንሰብክ እንኖራለን። አራት ላልበቁለት ሰው 13 ሆኖ የሚቆም ምእመን ከየት ይገኛል?

እንዲህ ያለ ሰው ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ያላየ ሰው አይገምተውም። ጤነኛ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሳይታወቀው ይገላበጣል፤ እንዲህም ሲያደርግ ደሙ በሥጋው ሁሉ ይዘዋወራል። መገላበጥ ያልቻለው ሰው ግን የገዛ ክብደቱ ሥጋውን ከአልጋው ጋር እያጣበቀ ደሙን ያግድበታል፤ በዚህም የመኝታ ቁስል ይወጣበታል። ስለዚህ አስታማሚዎች በየሁለት ሰዓቱ ያህል እንዲያገላብጡት ይመከራል፤ ይህም ሌሊትን ይጨምራል። ቆዳው በተደራረበበት ስፍራ፥ በሆዱ ሥር፥ በብብቱና በጭኑ መካከል ላብ ይጠራቀማል፤ በየቀኑ ታጥቦ ካልደረቀ ይላላጣል፥ ይሸታል። ሽታውን የሚሸሽ ጠያቂ ይህ የታማሚው ቸልተኛነት ይመስለዋል፤ የገዛ እጁ የማይደርስበትን ገላ ግን ማን ሊያጥብ ይችላል? ለመጸዳዳትም የሰው እጅ ያሻዋል። አባቱን የሚያጥብ ልጅ፥ ባሏን የምታነጻ ሚስት በዚያች ሰዓት ዓይናቸውን ወዴት እንደሚያሳርፉ መጽሐፍ ቅዱስ አስተምሮናል፤ ሴምና ያፌት የአባታቸውን ዕርቃን የሸፈኑት ወደ ኋላ እየተራመዱ ነበርና።

በጀርባው ቢተኛ የደረቱና የሆዱ ክብደት ትንፋሹን ስለሚያጥርበት እንደ ተቀመጠ ተደግፎ ያድራል። እንቅልፍ ሲወስደው ትንፋሹ እየተቋረጠ በየጊዜው ይባንናል፤ ቀን ላይም ሰው ፊት ያንቀላፋል፥ ሰነፍ ይባላል። ይህን ሕመም የአሜሪካ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1956 ጽፈው ባስታወቁ ጊዜ ስሙን የወሰዱለት የእንግሊዙ ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ በ1836 እና በ1837 ካወጣው ከፒክዊክ ልብ ወለድ ነው፤ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በየቦታው እያንቀላፋ አንባቢን የሚያስቅ አንድ ወፍራም ልጅ አለና። እንግዲህ ሐኪም እንኳ ለዚህ ሕመም ስም ሲያወጣ ከመሣቂያ ተበደረ። ዛሬ ስሙ ተለውጦአል፤ ሣቁ ግን ገና አልተለወጠም። ከዚህም በላይ ጡንቻ ሥራ ሲያጣ ይመነምናል፤ በአልጋ ላይ ጥቂት ሳምንታት የቆየ ሰው እግሩ ያን ያህል ክብደት ለመሸከም ከቀድሞው ይልቅ ይሳነዋል። ተነሥና ተራመድ የሚለው ጎብኚ ይህን አያውቅም።

አንዳንድ ሰው፥ ሆዳምነት ኃጢአት አይደለምን? ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ኃጢአት ነው። ነገር ግን አባቶች ስለ ሆዳምነት ሲጽፉ ስለ ማን እንደ ጻፉ እንመልከት። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረው ኤዋግሪዮስ ከስምንቱ ክፉ አሳቦች ሆዳምነትን በመጀመሪያ አስቀመጠ። የጻፈላቸው ግን በጾም የከሱ መነኮሳት ነበሩ፤ የገለጠውም አሳብ ስለ ብዙ መብላት አልነበረም፤ መነኩሴው ስለ ሆዱና ስለ ጉበቱ፥ ሐኪም ስለ ማጣቱም እየፈራ ተጋድሎውን እንዲተው የሚገፋፋውን አሳብ ነበር እንጂ። ስለዚህ ሆዳምነት በሚዛን አይመዘንም። ቀጭን ሆኖ ለሆዱ የሚገዛ አለ፤ የጾሙን ሰዓት እየቈጠረ ማታ ስለሚቀርብለት ወጥ ብቻ የሚያስብ ከሲታ ሰው ከመካከላችን አይጠፋም፤ እርሱን ግን ሆዳም የሚለው የለም፥ ቀሚሱ ይሸፍንለታልና።

በሌላ ወገን የሰው ረሃብ ሁሉ ከፈቃዱ ብቻ እንደማይመጣ የሕክምና ትምህርት ገልጦልናል። እ.ኤ.አ. በ1956 በስዊስ አገር ፕራደር፥ ላብሃርትና ዊሊ የተባሉ ሐኪሞች ከተፈጥሮ የሚመጣ አንድ ሕመም ገለጡ፤ ይህ ሕመም ያለባቸው ልጆች የቱንም ያህል ቢበሉ የጥጋብ ስሜት አያገኙም። በ1994 በኒው ዮርክ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ጄፍሪ ፍሪድማንና ጓደኞቻቸው ሌፕቲን የተባለውን፥ ከስብ ወጥቶ በደም በኩል ለአንጎል ጥጋብን የሚያስታውቀውን ንጥረ ነገር አገኙ። በ1997 በእንግሊዝ አገር ይህ ንጥረ ነገር ከተፈጥሮ የጐደላቸው ሁለት ልጆች ታወቁ፤ ከዚያ በኋላ በመርፌ መስጠት ሲጀመር ያ ፋታ የማይሰጥ ረሃብ ጋብ አለ። በስብከት ያልተገታ፥ በቁጣም ያልተገታ ረሃብ በመርፌ ተገታ! እንዲህ ያሉት ሕሙማን እጅግ ጥቂቶች እንደ ሆኑ እናውቃለን፤ የብዙው ሰው ነገር ከውርስ፥ ከኑሮ፥ ከኀዘን፥ ከምግቡ ዓይነትና ከገዛ ፈቃዱ የተደባለቀ ነው። ሆኖም ድብልቁን ለይቶ ይህ ያህል ኃጢአት፥ ይህ ያህል ሕመም ነው ብሎ የሚያካፍል ዓይን ለማን ተሰጠ? ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ በጠየቁ ጊዜ ጌታ አከፋፈሉን አልነገራቸውም።

ጌታ መጻጉዕን ካዳነው በኋላ ዳግመኛ እንዳይበድል አስጠንቅቆት የለምን? የሚል ካለ፥ እውነት ነው። ግን ቅደም ተከተሉን እናስተውል። ጌታ በመጠመቂያይቱ አጠገብ፥ በሕዝብ መካከል፥ ድውዩ ተኝቶ ሳለ ስለ በደሉ አንዲት ቃል አልተናገረውም፤ ልትድን ትወድዳለህን ብሎ ፈቃዱን ጠየቀው፥ አነሣውም። ተግሣጹ የመጣው በኋላ፥ በመቅደስ ባገኘው ጊዜ፥ በእግሩ ቆሞ ሳለ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ተግሣጹን አስቀድመን ማንሣቱን እናዘገያለን፤ ወይም ከቶ እንረሳዋለን። ደግሞም በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት መጻጉዕ በኋላ ያዳነውን ጌታ በጥፊ እንደ መታው ይነገራል። ጌታ ይህን ሳያውቅ አላዳነውም። ሚኖክም በሆስፒታል 16 ወር ታክሞ ወደ 216 ኪሎ ከወረደ በኋላ ክብደቱ ተመልሶበት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1983 በ41 ዓመቱ አረፈ፤ ከዚህ የተነሣ እነዚያ 13 ሰዎች ድካማቸው ከንቱ ነበር የሚል ቢኖር በመጻጉዕም ላይ ይህንኑ ይበል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን የአብሳዩ ነው። ከአልጋው የማይነሣ ሰው ወደ ማዕድ ቤት አይሄድም፥ ወደ ሱቅም አይወርድም፤ የሚጐርሰውን ሁሉ ያቀረበለት ሌላ ሰው ነው። ታዲያ የምታቀርበው እናት ወይም ሚስት ትወደዋለች ወይስ ትጐዳዋለች? በእኛ ዘንድ ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ እምቢ ላለውም በሞቴ እንላለን፤ በገዛ ሞታችን እየማልን የሌላውን ሞት ልናቀርብ እንደምንችል አናስብም። ከእርስዋ ሌላ ደስታ የቀረለት ልጅ ራበኝ ሲላት እናት ምን ታድርግ? ብትከለክለው የወኅኒ ጠባቂ ትሆናለች፤ ብትሰጠው ልቧ ይወቅሳታል። እኛ እንደሚመስለን በደሉ ያለው በመስጠት ወይም በመከልከል ብቻ አይደለም። አስታማሚዋ በተቈጣች ቀን ማዕዱን ስታሳንስ፥ በተጸጸተች ቀን ደግሞ ስታበዛ፥ ምግቡ ቅጣትና ካሣ ይሆናል፤ የታመመውም ሰው በሌላው ስሜት ላይ የሚኖር ባሪያ ይሆናል። መጠኑና ሰዓቱ አስቀድሞ፥ ሐኪም ባለበት፥ ከሁሉም በላይ ታማሚው ራሱ በሚናገርበት ጉባኤ ይወሰን፤ ከዚያ በኋላ በጓዳ በር አይሻር። አካሉ ተኛ እንጂ አእምሮው አልተኛም፤ ስለ ገዛ ማዕዱ ሳይጠየቅ የሚፈረድበት አዋቂ ሰው ሊኖር አይገባም።

በዚህ ረገድ የንስሐ አባቶችም ሊጠነቀቁ ይገባል። ክብደቱን አይተው ጽኑ ጾም ቀኖና አድርገው የሚሰጡ ካሉ፥ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ከጾም ዕረፍት እንደሚሰጥ ያስታውሱ። ሥጋው የበዛ ሰው ሁሉ ደኅና የተመገበ አይደለም፤ ብረትና ቫይታሚን የጐደለው ብዙ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ ያለ ሐኪም ምክር ምግብ ቢያቋርጥ በዚያው ቀን ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ጸሎት፥ የመዝሙር ንባብ፥ ለቤተሰቡ ትዕግሥት ማሳየት፥ የታመሙ ሌሎችን በስልክ ማጽናናት በአልጋ ላይ ለሚገኝ ሰው የሚሆን ቀኖና ነው።

ከወገኖቻችን መካከል በሲያትልና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች በየቤቱና በየመጦሪያው ሕሙማንን በማስታመም የሚተዳደሩ ብዙ ናቸው፤ እንዲህ ያለውን ከባድ ሰው በማገላበጥ ወገባቸውን የተጐዱም አይታጡም። ለእነዚህ ወንድሞችና እኅቶች የምንላቸው፥ የማንሻውን መኪናና ሁለተኛውን ሠራተኛ መጠየቅ ከትሕትና መጉደል አለመሆኑን ነው። በአገር ቤትም ቢሆን ዕድሩና ሰንበቴው ሙታንን ለመሸከም ተራ ያወጣል፤ በዚያው መዝገብ ላይ ለሕያዋን ተራ ቢጻፍ፥ ማክሰኞ የሚያጥብ፥ ዓርብ የሚያገላብጥ፥ ሌሊት ሚስቲቱን የሚያሳርፍ ቢወጣ የሚከለክል ሕግ የለም።

ካህኑ ለጸሎተ ቀንዲል ወደ እንዲህ ያለ ቤት በሚሄድበት ጊዜ በር ላይ ቆሞ አይናገር፤ ወንበሩን ከአልጋው አጠግቶ፥ የታማሚው ዓይን በሚደርስበት ስፍራ ይቀመጥ፤ አንገቱን ማዞር የማይችል ሊሆን ይችላልና። ስለ ክብደቱ ሳይሆን ስለ ሌሊቱ ይጠይቀው። ኑዛዜ መቀበል ሲጀምርም የቤቱን ሰዎች እንዲወጡ ይዘዝ። ገላው፥ ምግቡ፥ እንቅልፉና ገመናው ሁሉ በሌሎች ዓይን ሥር የሚውል ሰው ምናልባት ከወራት በኋላ በሩ ተዘግቶ ለብቻው የሚናገርባት ያች ሰዓት ብቻ ትሆናለች።