የእንስሳው እርምጃና የከያኒው ኅሊና

ከያኒ የእንስሳትን እንቅስቃሴ የሚያጠናው ለምንድን ነው? ሠዓሊው ለካርቱን ፊልም፣ ተዋናዩ ለመድረክ፣ አሻንጉሊት አንቀሳቃሹ ለሕፃናት ትርኢት ከእንስሳት ብዙ ይማራሉ። ጥያቄው ግን የሙያ ብቻ ሳይሆን የኅሊናም ነው። የሌላውን ፍጥረት አካሄድ የሚዋስ ሰው ምን ዓይነት ዕዳ ይገባል?

በመጀመሪያ ማየት ራሱ ቀላል ሥራ አለመሆኑን እናስታውስ። የአውሮፓ ሠዓሊዎች የሚጋልብን ፈረስ የፊት እግሮቹን ወደፊት፣ የኋላዎቹን ወደኋላ ዘርግቶ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ ይሥሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 ኢድዌርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ ተከታታይ ፎቶግራፎች ባነሣ ጊዜ ግን፣ አራቱም እግሮች ከመሬት የሚለቁት ከሆድ ሥር ሲሰበሰቡ መሆኑ ታወቀ። እጅ ሲሥል የኖረው የለመደውን እንጂ የሆነውን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣውን «ባምቢ» የተሰኘ የካርቱን ፊልም የሠሩት ሠዓሊዎችም በልማድ ላለመሣል ሕያዋን የአጋዘን ግልገሎች ወደ ስቱዲዮው አስመጥተው ነበር።

በአገራችን እንስሳት መድረክ ላይ የወጡት ከዘመናዊው ቴአትር ልደት ጋር ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘውን ተውኔት በአዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል አሳዩ፤ ዘመኑ ብዙውን ጊዜ 1913 ዓ.ም. ተብሎ ይጠቀሳል። አውሬዎቹ የተናገሩት ስለ ሹማምንቱ ብልሹነት ነበርና ተውኔቱ ታገደ። የአውሬው ጭንብል ያን ጊዜ ወደ ላይ፣ ወደ ባለሥልጣኑ ይመለከት ነበር። እኛስ ስንለብሰው ወዴት እንመለከታለን?

ይህን የምጠይቀው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት ለሕፃናት በጻፍሁት አጭር ተውኔት ውስጥ አያ ጅቦ ዋናው ገጸ ባሕርይ ነበር። ተዋናዩ አረማመዱ ቢቸግረው፣ «በፒያሳ ዳገት ዕቃ የሚሸከመውን ሰውዬ ተመልከት» አልሁት። ተመለከተ፤ አንድም ሳያጎድል ቀዳው። አዳራሹ በሣቅ ተናወጠ፤ እኔም ደስ አለኝ። በማግሥቱ ከአራዳ ጊዮርጊስ ቁልቁል ስወርድ ሕፃናት ያንኑ ተሸካሚ «አያ ጅቦ! አያ ጅቦ!» እያሉ ሲከተሉት አየሁ። ሰውየው ጭነቱን ከግንብ አስደግፎ፣ ፊቱን አዙሮ፣ እስኪያልፉ ድረስ ቆመ። አንድም ቃል አልተናገረም። ልጆቹን ልቆጣ አልቻልሁም፤ ስሙን ያስተማርኋቸው እኔ ነበርሁና።

ጅብን በእርግጥ ያጠናሁት ከዚያ በኋላ ነው። የጅብ የፊት እግሮች ከኋላዎቹ ይረዝማሉ፤ ጀርባውም ወደኋላ ያዘቀዝቃል። ተረታችን አንካሳ የሚለው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ያ አካል ከባድ ሥጋ በአፍ አንጠልጥሎ ለመጓዝና ረጅም መንገድ ለመሮጥ የተመቸ ነው። ድክመት ያልነው ብርታቱ ኖሯል። የተሸካሚውም ትከሻ የተዛነፈው፣ እግሩም የሚጎተተው ዳገቱንና ኩንታሉን ለዓመታት ስለ ቻለ ነው። ተዋናዩ እርምጃውን ወሰደ፤ እኔ ግን ምክንያቱን እንዲፈልግ አልነገርሁትም።

«እንግዲያውስ በትክክል መቅዳት ይበቃል» የሚል ይኖራል። አይበቃም፤ የእኛ ቅጂ ትክክል ነበርና። በወጣትነቴ በስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ በአጥሩ ሥር ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ አንበሳ እመለከት ነበር። ያን እርምጃ ሳያዛንፍ የሚሥል ሠዓሊ የሚሥለው አጥሩን ነው፤ አንበሳው አጥር በሌለበት እንዴት እንደሚሄድ ገና አያውቅም። እንቅስቃሴ ሁሉ ከሚጫነው፣ ከሚከለክለውና ከሚስበው ነገር ጋር ካልታየ፣ ትክክለኛው ቅጂ እንኳ ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል።

ይህ ማለት ግን ሣቅ ከመድረክ ይባረር ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበችው የ«ፀሐይ መማር ትወዳለች» ቀጭኔ ሕፃናትን የምታስደስተው ማንንም ሳታዋርድ፣ እንደ እነርሱ እየጠየቀች ነው። ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ለጥናት ወደ ጎዳና ሲያወጡ፣ ከእርሳሱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ቢያስይዟቸው እመክራለሁ፤ ይህ ፍጥረት ምን ተሸክሟል? ምን ይፈራል? ወዴትስ መድረስ ይሻል?

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ ሰፈሮች ፈርሰዋል። ተሸካሚውን ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌ አላገኘሁትም። ተውኔቱን ግን እንደገና ጻፍሁት። አያ ጅቦ አሁንም ያነክሳል፤ ሕፃናቱም ይሥቃሉ። ነገር ግን በትከሻው ያለውን ጭነት አስቀድመው ያዩታል፤ ዳገቱ መካከል ሲደርስም ሣቃቸውን አቁመው ያደርስ እንደሆነ ይጠባበቃሉ።