ዕውቀቷ ስለ ምን ዋስ ይጠራል?

ሥነ ጥበብ የኅብረተሰብ መስታወት ነው ይባላል። ታዲያ መስታወቱ ራሱ ጠማማ ሲሆንስ? የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች ሴት ተመራማሪን እንዴት አድርገው ያሳዩናል ብለን የምንጠይቀው ስለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣውን «ዜም!» የተባለ የአሜሪካ ፊልም እንውሰድ። በአቶሚክ ፍንዳታ ሳቢያ ጉንዳኖች ከሰው በላይ ገዝፈው ሕዝብ ይፈጃሉ። መላ እንዲፈልጉ የሚጠሩት የነፍሳት አዋቂዎቹ ዶክተር ሜድፎርድና ልጃቸው ዶክተር ፓትሪሺያ ናቸው። ልጅቱ ከአውሮፕላን ስትወርድ ካሜራው አስቀድሞ የሚያሳየን ምኗን ነው? እግሯን! ዕውቀቷ ወረፋ ይጠብቃል።

«ኧረ ያ ድሮ ቀረ» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ በ1997 «ኮንታክት»፣ በ2013 «ግራቪቲ»፣ በ2016 «አራይቫል» ሴት ምሁርን ዋና ባለታሪክ አድርገዋል። ግን ልብ እንበል፦ የመጀመሪያዋ በልጅነቷ አባቷን ያጣች ናት፤ ሁለተኛዋ ልጇ ሞታባታለች፤ የሦስተኛዋም ታሪክ የተሸመነው በልጇ ሞት ዙሪያ ነው። ኀዘን የሰው ሁሉ ዕጣ ነውና፣ ወንዱም በፊልም ያዝናልና፣ ኀዘኑን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ልማዱን ነው። ወንዱ ብዙ ጊዜ ስላወቀ ብቻ አዋቂ ይባላል፤ ሴቲቱ ግን ለማወቋ ቁስሏን ዋስ ትጠራለች።

እኛስ ዘንድ? ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በአገራችን ቀርጾ በ2015 ባወጣው «ክረምብስ» ምሥጢሩን ፍለጋ መንገድ የሚወጣው ወንዱ ነው፤ ሴቲቱ ትጠብቃለች።

አሁን ደግሞ እውነቱን እንይ። ከጀጎል 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ያኔ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል በነበረው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ አንዲት የፍኖተ ሰላም ልጅ ተምረው በ1979 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያዙ። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ናቸው። ወደዚህ ሙያ የመራቸው የአንበጣ መንጋ አዝመራ ሲፈጅ ማየታቸው ነው። የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ሆኑ፤ በ2014 የሎሬያልና የዩኔስኮን ሽልማት አገኙ፤ ከ2013 እስከ 2023 ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል መሩ። ጥያቄ ነበራቸው፤ ለአዋቂነት ይኸው ይበቃል።

እንግዲህ ጠማማ ሥዕል ማሳየት ጥፋቱ ምን ላይ ነው? አንዲት ልጅ ለማወቅ ምክንያት ማቅረብ አለብሽ ሲባል ብትሰማ፣ መጠየቅ ብቻውን የማይበቃ ይመስላታል። ይህም በደል ነው። መስታወቱን ማቃናት የፊልም ሠሪው ፋንታ ይሁን። ለእኛ ግን ከፊልም ቤቱ የቀረበ ሥራ አለ፦ በየቤተ ሙከራው መሣሪያውን ወንዱ ጨብጦ ሴቲቱ ቁጥር ብቻ ስትመዘግብ ባየን ጊዜ፣ «ይህን ማን ደነገገ?» ብለን እንጠይቅ።