ስለ ግድግዳ ክብደትና ስለ ቤት ሠሪ ዕዳ

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ላይ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ፣ ይህን ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ግን የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ እንደሚሆን ተደንግጓል። ድንጋጌው ቤት መሥራትን የባለቤቱ ፈቃድና የኪሱ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ስለማይተወውና ሠሪውን ወደ ቤቱ ገና ላልገባ እንግዳ ሕይወት ጭምር ተጠያቂ ስለሚያደርገው፣ የግድግዳ ዕቃ መምረጥ ከሃይማኖት ጥያቄዎች አንዱ ሆኖ ሊመረመር ይገባዋል።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሐሙሲትና ከጉማራ ወንዝ ማዶ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከጭድ ጋር ከተቦካ ጭቃ ከሚሠራው ቤት ወደ ብሎኬት ቤት መሸጋገር የኑሮ መሻሻል ምልክት ሆኖ ይታያል፤ ከዚህም ጋር ግድግዳ በከበደ መጠን ይጸናል የሚለው አሳብ አብሮ ይሄዳል። አረፋ ኮንክሪት የሚባለው፣ ማለትም ሲሚንቶ፣ ውሃና ደቃቅ አሸዋ ከአረፋ ጋር ተደባልቀው በውስጡ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ይዞ የሚደርቀው ብሎኬት፣ ይህን አሳብ ይፈትነዋል። ተራ ኮንክሪት በሜትር ኩብ 2400 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን ይህኛው ብዙ ጊዜ ከዚያ እኩሌታ በታች ይመዝናል፤ በውስጡ የታሰረው አየርም የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ብርድ ይከላከላል።

ይሁን እንጂ ቅለት በራሱ በጎነት አይደለም። የሜዳው መረሬ፣ ማለትም ክረምት ውሃ ጠጥቶ የሚያብጠውና በጋ ደርቆ የሚሰነጠቀው ጥቁር አፈር፣ በጎርፍ ሲርስ ከባዱን ቤት ያሰምጣል፤ ሲያብጥ ደግሞ ቀላሉን ቤት ይበልጥ ያነሣዋል፤ የአረፋው ብሎኬትም ተሰባሪ በመሆኑ ይህን መነሣትና መውረድ ችሎ አይተጣጠፍም። የተናቀው የጭቃ ቤት ግን በእንጨት የተያዘ ስለሆነ ከአፈሩ ጋር በመጠኑ ይንቀሳቀሳል፤ ስንጥቁም በአዲስ ምርግ ይጠገናል። ስለዚህ መልካም ዕቃ የሚባለው ከሚቆምበት መሬት ተነጥሎ መልካም ሊባል አይችልም።

ታዲያ ሠሪው ባያውቅስ? በስዊድን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ በአክሰል ኤሪክሰን የተፈለሰፈውና በአሉሚኒየም ዱቄት ተነፍቶ በእንፋሎት የሚበስለው የዚሁ ብሎኬት ዘመድ፣ አንዱ ዓይነቱ ዩራኒየም ካለበት ድንጋይ ይሠራ ስለነበር፣ ሬዶን የተባለውን ጎጂ ጋዝ ወደ ቤት ሲለቅ ኖሮ ምርቱ የቆመው በ1975 ነው። አደጋው ሊታወቅ በማይችልበት ጊዜ የሠራውን ግንበኛ የደም ዕዳ አለብህ ማለት ፍትሕ አይሆንም፤ አደጋው ከታወቀ በኋላ ዝም ያለ ግን ከዕዳው አያመልጥም።

የፎገራ አፈር ግን ምንም አልሸሸገም፤ በየበጋው እግር የሚያስገባ ስንጥቅ እየከፈተ ጠባዩን ያሳያል። በዚህ መሬት ላይ በቀላል ብሎኬት የሚሠራ ሰው ከግድግዳው ያተረፈውን ገንዘብ መረሬውን ቆፍሮ ለማውጣት፣ በምትኩ የማያብጥ አፈር ለመጠቅጠቅ፣ በፌሮ የተያያዘ መሠረት ለመጣልና የዝናብ ውሃን ከቤቱ ለማራቅ የማዋል ግዴታ አለበት፤ ልስኑ ካማረ በኋላ ተከራይም ሆነ ገዢ ይህ መደረጉን አይቶ ሊያረጋግጥ አይችልምና።