ጉርሻውን ቀንሱላቸው

ስትሮክ የመታቸው አባት ያሉበት ቤት ገብታችሁ ከሆነ ይህን ሳታዩ አትቀሩም። ማዕድ ሲቀርብ ልጅ ፈጥና ትጠቀልላለች፤ «አባባ፣ ይተዉት፣ እኔ ላጉርስዎ» ትላለች። የሸሚዛቸውን ቁልፍ ሌላው ይቆልፍላቸዋል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተጋደመ ይመሻል። ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን እባካችሁ፣ ጉርሻውን ቀንሱ።

የተጎዳው እጁ አይደለም፤ በተቃራኒው የአንጎል ጎን ያለው አዛዡ ነው። አንጎል ደግሞ እጁ ደጋግሞ ሲሠራ ትእዛዙን በሌላ መንገድ ማድረስ ይለምዳል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ታውብ በጦጣዎች ላይ እንዳየው፣ ስሜት ያጣ እጅ ሥራ የሚፈታው ሞክሮ ስላልተሳካለት መሞከሩ ስለሚቀር ጭምር ነው። ደህናው እጅ ሲታሰር የተተወው ተንቀሳቀሰ። ከዚህ የተነሣው ሕክምና ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር በሆናቸው 222 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታተመ። ለ2 ሳምንት ደህና እጃቸው ላይ ጓንት አጥልቀው በደከመው የሠሩት፣ የተለመደውን ክትትል ብቻ ካገኙት ይበልጥ ተሻሻሉ። ስለዚህ «ስድስት ወር ካለፈው አይመለስም» የሚለውን ወሬ አትስሙ፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጣኖቹ ናቸው እንጂ የመጨረሻዎቹ አይደሉም።

ደህናውን እጅ ማሰር ጣቱንና አንጓውን ጥቂት ማንቀሳቀስ ለሚችል ሰው፣ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምክር የሚደረግ ነው። ሥራ መስጠት ግን የእናንተ ነው። ምስር ስትለቅሙ ሰፌዱን ወደ እሳቸው አስጠጉ፤ በቀኛቸው አንድ ፍሬ ያንሡ፣ ከዚያ ሌላ ፍሬ። ጠረጴዛው ሲወለወል ሁለቱም እጆች ጨርቁ ላይ ይሁኑ፤ የማይታዘዘውን ደህናው ይዞት ይሂድ። ኳስ ማስጨመቅ ሁሉም ቤት ተለምዷል፤ እኔ ግን ተጨብጦ ለቀረ እጅ አልመክረውም። የሚቸግረው መያዙ ሳይሆን መልቀቁ ነው፤ ባዶ ኩባያ አንሥተው እንዲያስቀምጡ፣ ጣታቸውንም ከኩባያው እንዲያላቅቁ አድርጉ።

ስታስነሷቸው በደከመው ክንድ አትጎትቱ፤ ትከሻው ይጎዳል። ስሜት ካጣ እጅ አጠገብም ትኩስ ጀበና አታስቀምጡ።

በቀኝ መቁረስ ያቃተው ሰው ከሰው ጋር መብላት ያፍራል፤ ብዙዎች ጓዳ ገብተው ለብቻቸው የሚበሉት ለዚህ ነው። ዛሬ ራት ሲቀርብ መሐላችሁ አስቀምጧቸው። ጭናቸው ላይ ፎጣ አንጥፉና፣ ወጡ ቢንጠባጠብም፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ራሳቸው እስኪጠቀልሉ ጠብቁ።