እምቢ ያለው ሽጉጥ

ሰው ሊገድል አነጣጥሮ ምላጭ የሳበ፣ ጥይቱ ግን የከሸፈበት ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው ወይስ አይደለም? ጥያቄው በድሮ ክፍሌ ውስጥ ተነስቶ ቢሆን ሁለት ሦስት መጽሐፍ ጠቅሼ፣ ሰሌዳውን ጠርጌ እወጣ ነበር። የተነሳው ግን ገንዳ ውኃ ላይ፣ በመጋቢት ሙቀት፣ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ ቡና እየተጠጣ ነው። የጠየቁኝም ዕድሜያቸውን ፖሊስና የድርጅት ጥበቃ ሽጉጥ ሲያስተኩሱ የኖሩ ጡረተኛ ሻምበል ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ለምን እንደማልጠራ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

አገሩ ለጦር መሣሪያ ወሬ እንግዳ አይደለም። ካሳ ኃይሉ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ የተነሱት ከዚሁ ከቋራ ቆላ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም መተማ ላይ በጥይት ቆስለው ያረፉት በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው። ሰናድርና ውጅግራ፣ ምንሽርና ክላሽ ሁሉም በየተራው እዚህ ቆላ ተይዟል፤ ተዘፍኖለታል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ «በመተማ በኩል ሊገባ ሲል የተያዘ ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ» የሚለው ዜና ተደጋግሞ ጆሯችን ለመደው። ሰሊጥ በሚታጨድበት ወራት ሳሉጉ፣ ባለሀብቱ፣ ነጋዴው ሁሉ ገንዘብ ይዞ ይንቀሳቀሳል። ገንዘብ የያዘ ሰው ወገቡን መዳበሱ አይቀርም።

«መምህር፣ አንቱ ሽጉጥን የምታውቁት በልብ ወለድ ነው» አሉኝ ሻምበል እየሳቁ። እውነታቸውን ነው። በልብ ወለድ ሽጉጥ ሁልጊዜ ይተኩሳል። በሥልጠና ሜዳ ግን፣ እንደ እሳቸው አባባል፣ የሽጉጥ እውነተኛ ጠባይ የሚታወቀው ሳይተኩስ ሲቀር ነው። ሃያ ሰው አሰልፈህ ቀኑን ሙሉ ስታስተኩስ ያ ሁሉ የስም ዝና ይራገፋል። ማካሮቭ አስቀያሚ ነው፤ የሚይዘው ስምንት ጥይት ነው፤ ነገር ግን ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ የቆላውን አቧራ ውጦም ይሠራል። ቶካሬቭ ኃይለኛ ነው፤ ሩስያ ሲሠራው ግን የእጅ መቆለፊያ አላደረገለትም፤ ስለዚህ ተማሪው ባጎረሰው ቁጥር አሠልጣኙ ይሳቀቃል። የስፔኑ ስታር በእጅ ሲይዙት ያምራል፤ ፋብሪካው ግን በ1997 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል፤ ሞላው ሲደክም ከየት ታመጣለህ? ቱርክ ሠራሽ ስለሚባለው ስጠይቃቸው አገሩን ሁሉ በአንድ ላይ መስደብ አልፈለጉም። ከፋብሪካ ደህና ሆኖ የወጣ አለ። ለድምፅ ብቻ ተሠርቶ ኋላ እውነተኛ ጥይት እንዲተፋ የተቀየረም አለ። ይህኛውን በሥልጠና ላይ ለማሳያ ያነሱታል እንጂ አያስተኩሱትም፤ ብረቱ ለዚያ ግፊት አልተሠራምና የተኳሹን ጣት ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ቀጥለው የነገሩኝ ግን ከሽጉጥ ዓይነት ይበልጥ ቀልቤን ሳበው። አብዛኛው መክሸፍ የብረቱ ጥፋት አይደለም አሉ። ካዝናው ወድቆ አፉ ተጣሟል። ጥይቱ ዓመታት ጭቃ ቤት ውስጥ ከርሟል። ባለቤቱ ዘይት አብዝቶ ቀብቶት ዘይቱ ከዋልካው አቧራ ጋር ሊጥ ሆኗል። ወይም የተኳሹ እጅ ላልቷል፤ አንዳንዱ ሽጉጥ አጥብቆ የሚይዘው ካላገኘ የሚቀጥለውን ጥይት በወጉ አይጎርስም። ሁሉም ግን ከመስመሩ ሲመለስ የሚለው አንድ ነው፦ «ሻምበል፣ ሽጉጡ እምቢ አለኝ!»

እዚህ ላይ የድሮው የሥነ ጽሑፍ መምህርነቴ ተነሳብኝ። ልብ ብላችሁ እንደሆነ በአማርኛችን ጥይቱ ዒላማውን ሲመታ «መታሁ» እንላለን፤ ባለቤቱ እኔ ነኝ። ሲከሽፍ «እምቢ አለኝ» እንላለን፤ ባለቤቱ ሽጉጡ ነው። ሳይታሰብ ሰው ሲመታም «ባረቀብኝ» ነው፤ አሁንም ሽጉጡ ነው። ብረቱ ፈቃድ የሚኖረው እኛ ማፈር ሲኖርብን ብቻ ነው ማለት ነው። በየፍርድ ቤቱ «ባረቀብኝ» የምትለዋ ቃል ስንት ሥራ እንደሠራች ዳኞች ያውቁታል።

ደግሞ «ታማኝ» የምንለው ነገር አለ። ጥሩ ሽጉጥ ታማኝ ነው ይባላል። ይህን ውዳሴ ሌላውም ዓለም ያውቀዋል። የአሜሪካ ጦር በ1911 እ.ኤ.አ. ሽጉጥ ሲመርጥ የብራውኒንግን ንድፍ 6,000 ጥይት አስተኩሶት አንድ ጊዜ እንኳ አልከሸፈም። አርስቶትል የዕቃን መልካምነት ከሥራው ነው የሚለካው፤ መልካም ቢላዋ በደንብ የሚቆርጥ ነው። በዚህ ሚዛን መልካም ሽጉጥ ማለት በታዘዘ ጊዜ የሚተኩስ ነው፤ የሚከራከር የለም። እኔ የምከራከረው በቃሉ ነው። ታማኝ አሽከር ጌታው በንዴት «ውረድና ፍለጠው» ሲለው «ጌታዬ፣ ይደሩበት» የሚል ነው። ብረት ይህን አያውቅም። ብረት ታዛዥ እንጂ ታማኝ አይደለም።

ወደ ሻምበል ጥያቄ ልመለስ። አንድ ገበሬ አለ። በሰሊጥ ማሳ ድንበር ከጎረቤቱ ጋር ይጣላል። አንድ ቀን ጠጥቶ አምሽቶ፣ ቃል ተለዋውጦ፣ ሽጉጡን ያወጣል። ደረት ላይ አነጣጥሮ ይስባል። «ቀጭ» ብሎ ቀረ። ሰዎች ደርሰው ገላገሏቸው። ሽማግሌ ገባ፤ ጉዳዩ በእርቅ አለቀ፤ ሟች ሊሆን የነበረው ሰውዬ ኋላ የገዳይ ሊሆን የነበረውን ልጅ ክርስትና አነሳ። ዛሬ አበ ልጆች ናቸው።

ሕጉን ብትጠይቁት መልስ አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ሙከራን ይቀጣል፤ ፍርድ ቤቱ እንደ ሁኔታው ቅጣቱን ሊያቀል ይችላል። የማቴዎስን ወንጌል ብትጠይቁት የባሰ ነው፤ ወንድሙ ላይ የተቆጣውን እንኳ ከገዳዩ ጋር ፍርድ ፊት ያቆመዋል። በርናርድ ዊልያምስና ቶማስ ኔግል የተባሉ ፈላስፎች ይህንኑ ጉዳይ በ1976 እ.ኤ.አ. «የግብረ ገብ ዕድል» በሚል ስም ተነጋግረውበታል፦ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ክፋት አስበው፣ አንድ ዓይነት ምላጭ ስበው፣ አንዱ ሞላው ስለደከመ ብቻ ንጹሕ ሆኖ ሊያድር ይገባዋል? አይገባውም ብለን በአፋችን እንመልሳለን። በኑሯችን ግን አንዱን እናስረዋለን፤ ደሙን ለማድረቅ ዓመታት እንለምናለን። ሌላውን ክርስትና እናስነሳዋለን። እኔ ሁለቱንም መልስ አምናለሁ። መካሪ አጥቼ ሳይሆን ማሳው ዳር የቆመችውን የዚያን ሰውዬ ሚስት ሳስብ ነው። ለእሷ በአሳብና በድርጊት መካከል ያለው ልዩነት ባሏ ነው።

ሻምበል ግን የሚያስጨንቃቸው ይህ አልነበረም። ሰውዬው ከእርቁ በኋላ ያንኑ ሽጉጥ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ እሳቸው አመጣው። ፈቃዱ በእጁ ነው። «ሻምበል፣ ይኸን ነገር አብጁልኝ፤ በረሃ ነው የምኖር፤ ሽፍታ ቢመጣ እንዳያዋርደኝ» አለ። ሲፈቱት ችግሩ ቀላል ሆኖ አገኙት፤ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። እሳቸውም ዝም ብለው ገጠሙትና «ዕቃው የለም፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ እኔ ዘንድ ይቀመጥ» አሉት።

«ዋሸሁት» አሉኝ። «አርባ ዓመት ሽጉጥ እንዳይከሽፍ ሳስተምር ኖሬ፣ አንዱን እንደከሸፈ አስቀረሁት። ሽፍታ ቢገድለውስ? ደሙ በማን ነው?»

ሕግ አዋቂ አንባቢዬ አሁን «የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቶ የለም እንዴ፤ ሻምበል ምን አግብቷቸው የሰው ሽጉጥ ያስቀምጣሉ» ሳይል አይቀርም። ትክክል ነው። ስማቸውን ያልጠራሁትም ለዚሁ ነው። ነገር ግን አዋጅ ማን ሽጉጥ ይያዝ እንደሚል እንጂ የትኛው ሽጉጥ በየትኛው ቀን እምቢ ይበል አይልም።

እኔ መቅደላን አነሳሁላቸው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ያን ያህል ከደከሙባቸው መድፎች አንዱ፣ ተኳሾቹ ያልሠለጠኑ ነበሩና ባሩድ በዝቶበት ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የመጣላቸው ሽጉጥ ግን በመጨረሻዋ ሰዓት አልከሸፈም። ያች ሽጉጥ ለአንዲት ደቂቃ እምቢ ብትላቸው ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። ሻምበል ራሳቸውን ነቀነቁ። «እምቢ ብትላቸውማ እንግሊዝ በሰንሰለት ይወስዳቸው ነበር» አሉ። የቆላ ሰው ናቸው፤ ከኔ ይልቅ ለቋራው ካሳ ይቀርባሉ። መክሸፍ ሁሉ ምሕረት አይደለም ማለታቸው ነው። መልስ አልነበረኝም።

ይልቅ ስለ ሥልጠናው አንድ ነገር ጨመሩልኝ። ሽጉጥ ሲከሽፍ ጀማሪ ተማሪ ወዲያው ምን ያደርጋል? አፈሙዙን እንደያዘ ወደ አሠልጣኙ ይዞራል፤ «ይኸው እዩት፣ አልሠራም» ለማለት። ወይም አፈሙዙን ወደ ራሱ አዙሮ ያየዋል። በሜዳው ላይ ከሁሉ የሚያስፈራው ቅጽበት ይህ ነው፤ የዘገየ ጥይት ሊወጣ ይችላልና። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን፣ ከማነጣጠርም በፊት፣ የሚያስተምሩት ይህን ነው፦ እምቢ ካለህ አትዙር፤ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዝክ ቁም፤ ቁጠር።

«እና አሁን እየቆጠሩ ነው?» አልኳቸው።

ሳቁ። ሽጉጡ አሁንም ሣጥናቸው ውስጥ ነው። ሰውዬው ለፋሲካ በግ ሊሸጥ በመጣ ቁጥር በደጃፋቸው ያልፋል፤ ቡና ይጠጣል፤ የክርስትና ልጁን አባት ደህንነት ይነግራቸዋል። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ይልና «ዕቃው መጣ ወይ ሻምበል?» ይላቸዋል።

«ገና ነው» ይሉታል።